ሳይቀጠሩ የሚሠለጥኑ፦ ልጃችሁ «ፖሊስ መሆን እፈልጋለሁ» ቢላችሁ

«ፖሊስ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በልባችሁ ቀድሞ የሚመጣው ምንድን ነው? እንደ እኔ በደርግ ዘመን ልጅነታችሁን ካሳለፋችሁ መልሳችሁን እገምታለሁ። ልጅ ሳለን አልታዘዝ ስንል «ቆይ ፖሊስ እጠራልሃለሁ!» መባል የተለመደ ማስፈራሪያ ነበር። በሌሊት በር ሲንኳኳ የእናቶቻችን ፊት ሲለወጥም አይተናል። ብዙዎቻችን ውቅያኖስ ተሻግረን፣ ሌላ አገር ኖረን፣ ዜግነት እንኳ ቀይረን ያ ፍርሃት ከሻንጣችን አልወጣም። ዛሬም መንገድ ላይ ከኋላችን የፖሊስ መኪና ስናይ፣ ምንም ሳናጠፋ መሪውን አጥብቀን እንይዛለን።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ያደገች የበኩር ልጄ በ22 ዓመቷ «ፖሊስ ለመሆን ልማር ነው» ብላ ብትነግረን ቤታችን ምን እንደሚመስል አስቡት። የምንኖረው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ነው። ባለቤቴ መጋቢ ነው። ልጄ ቀን ቀን በሆስፒታል ሕሙማንን ትረዳለች። «ሥራዬን አልለቅም፤ የምማረው ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ነው» አለችን። «ማን ቀጠረሽ?» አልኳት። «ገና ማንም» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ይህ ነበር። ማንም ሳይቀጥር፣ ደመወዝ ሳይኖር፣ አንድ ሰው እንዴት ፖሊስነትን እንደ ልብስ ስፌት በማታ ይማራል?

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ቀስ በቀስ ስላገኘሁ ነው። በውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች ነገ ከነገ ወዲያ ይህ ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። በአገር ቤት ያላችሁም ብትሆኑ፣ ልጆቻችን የማንጠብቀውን መንገድ ሲመርጡ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚያስተምር ነገር አታጡበትም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዴት ነው?

በአገራችን አንድ ወጣት ፖሊስ የሚሆነው በቅድሚያ ተመልምሎ፣ ከዚያም ወደ ማሠልጠኛ ገብቶ ነው። እንደ ሰንዳፋ ያለ ማሠልጠኛ የገባ ሰው ከቤቱ ተለይቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተኛና እየተነሣ ይሠለጥናል። በካሊፎርኒያም ብዙው ሰው በዚህ ዓይነት መንገድ ይሄዳል። አንድ የከተማ ፖሊስ ወይም የሸሪፍ መሥሪያ ቤት ይቀጥረውና ደመወዝ እየከፈለ ለስድስት ወር ያህል ሙሉ ቀን ያሠለጥነዋል።

ነገር ግን ሌላ በር አለ። አንዳንድ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ማንም ያልቀጠራቸውን ሰዎች ተቀብለው ያሠለጥናሉ። ሠልጣኙ የራሱን ክፍያ ይከፍላል፣ የራሱን ዩኒፎርምና ቦት ጫማ ይገዛል፣ ሲጨርስም ራሱ ሥራ ይፈልጋል። ከእነዚህ መካከል ሥራቸውን ሳይለቁ ለሚማሩ ሰዎች ትምህርቱን በማታና በሰንበት ቀናት የሚሰጡ አሉ። ትምህርቱ በሦስት ክፍል፣ እነርሱ «ሞጁል» በሚሉት ይከፈላል። የመጀመሪያው ቢያንስ 144 ሰዓት፣ ሁለተኛው 188 ሰዓት፣ ሦስተኛው 332 ሰዓት ነው። ሲደመር 664 ሰዓት ይሆናል። ይህም ሙሉ ቀን ለሚማሩት ሠልጣኞች ከተወሰነው ዝቅተኛ ሰዓት ጋር እኩል ነው። የማታ ስለሆነ የተቀነሰ ነገር የለም። የሚለየው ርዝመቱ ብቻ ነው፤ ልጄ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶባታል።

ይህን መመዘኛ የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የግዛቱ የፖሊስ ደረጃና ሥልጠና ኮሚሽን ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። በበርክሌይ ከተማ ኦገስት ቮልመር የተባለ የፖሊስ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1908 የፖሊስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ አንድ ሰው ባጅና ዱላ ተሰጥቶት ያለ ምንም ትምህርት ወደ መንገድ ይላክ ነበርና፣ ፖሊስ መማር አለበት ማለት ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

ያልተቀጠረ ሰው ይማራል ስላልኩ ማንም ዘው ብሎ ይገባል ማለት አይደለም። ሽጉጥ መያዝ የሚያስከለክል የወንጀል ታሪክ እንደሌለበት አሻራ ሰጥቶ ከግዛቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ሐኪምም ሊያየው ይገባል። ለመቀጠር ደግሞ ዕድሜው 21 መሙላት አለበት፤ ሕጉ ከ2022 በፊት 18 ይል ነበር። ዜግነትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የግዛቱ ሕግ የአሜሪካ ዜጋ መሆንን አይጠይቅም፤ በሕግ የመሥራት ፈቃድ መኖሩ ይበቃል። ይህን የጻፍኩት «ለእኛ የተፈቀደ አይደለም» የሚሉ ብዙ ወጣቶች በቤተ ክርስቲያናችን ስላገኘሁ ነው።

የአንድ ዓመት ተኩል ምሽቶች

እናቶች ሆይ፣ የማታ ትምህርት ያለበት ቤት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ በመኪናዋ ውስጥ ልብሷን ቀይራ ወደ ኮሌጁ ትሄዳለች። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ስትመለስ እራቷን በምድጃ ላይ ሸፍኜ እጠብቃታለሁ። ዓርብ ማታ ዩኒፎርሟን ትተኩሳለች፤ እጥፋቱ ከተጣመመ ጠዋት በሰልፍ ላይ መሬት ተደግፋ ትቀጣለች። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሥልጠና ነው። አንዳንዴም እሁድ።

ክፍሏ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዳ የአርባ ዓመት ሰው፣ መካኒክ፣ ከወታደር ቤት የወጣ ወጣት፣ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ሁሉም ቀን የዕለት እንጀራቸውን ሠርተው ማታ የሚመጡ ናቸው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። በማኅበረሰብ ኮሌጅ የግዛቱ ነዋሪ ለአንድ ክሬዲት የሚከፍለው 46 ዶላር ስለሆነ ክፍያው ራሱ ከባድ አይደለም። ግን ዩኒፎርሙ፣ ጫማው፣ ቀበቶው፣ ጥይቱ፣ በሥራ ላይ ያልዋሉት ሰዓታት ሲደመሩ ቀላል አልነበረም። ልጄ ለመኪና የቆጠበችውን ገንዘብ ለዚህ አዋለችው።

የአካል ብቃት ፈተናውን ስትነግረኝ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ሳቄ ቀረ። መሰናክል ያለበት የ99 ያርድ ሩጫ፣ 6 ጫማ ከፍታ ያለው የሽቦ አጥርና ያንኑ የሚያህል ድፍን ግድግዳ መዝለል፣ 165 ፓውንድ ማለትም 75 ኪሎ የሚመዝን የሰው ምስል 32 ጫማ መጎተት፣ ከዚያም የ500 ያርድ ሩጫ። ልጄ ራሷ 60 ኪሎ አትሞላም። ግድግዳው ለወራት አስቸገራት። ጠዋት ጠዋት ወደ መናፈሻ እየሄደች ትለማመድ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ሰዓት ይይዝላታል። አስለቃሽ ጭስ በቀመሱበት ቀን ዓይኗ ቀልቶ፣ ልብሷ እየሸተተ ስትገባ፣ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ውሃና ፎጣ አቀረበላት። እኔ ግን ወደ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሁድ ጠዋት

መጋቢ ባለበት ቤት የእሁድ ነገር ቀላል አይደለም። በየወሩ አንድ ወይም ሁለት እሁድ ልጃችን ከመዘምራን ጎን አትታይም። ምእመናን ይጠይቃሉ፤ «ልጅቱ የት ሄደች? ቀዘቀዘች እንዴ?» ይባላል። ሁለት ሽማግሌዎች በፍቅር ቤታችን መጥተው ጉዳዩን አነሡ። አንደኛው ጴጥሮስ ሰይፉን ወደ አፎቱ እንዲመልስ ጌታ ያዘዘበትን ቦታ ጠቅሰው ክርስቲያን መሣሪያ ሊታጠቅ አይገባውም አሉ። ሌላኛው አባት ደግሞ በዚያ ዘመን በእስር ቤት ብዙ የተገረፉ ሰው ናቸውና ቃል ሳይጨምሩ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። የእርሳቸው ዝምታ ከክርክሩ ይልቅ ከበደኝ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የሉቃስን ወንጌል 3ኛ ምዕራፍ ስናጠና አንድ ነገር ተምሬ ነበር። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት፣ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ሰውን በግፍ እንዳይዘርፉ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ በደመወዛቸው እንዲረኩ ነው የነገራቸው። አስተውላችኋል? ሦስቱም ነገሮች መሣሪያና ሥልጣን የያዘ ሰው በየዕለቱ የሚፈተንባቸው ናቸው። በሐዋርያት ሥራ 10 የምናገኘው ቆርኔሌዎስ የመቶ አለቃ ነበር። በምዕራፍ 16 ያለው የወኅኒ ጠባቂም በዚያችው ሌሊት የእስረኞቹን ቁስል አጠበ። የዚህ ሰው ታሪክ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ የእግር ግንዱን ያጠበቀው እጅ ነው ቁስሉን ያጠበው።

ሽማግሌዎቹ በሐሳባችን ሁሉ ተስማምተው ሄዱ አልላችሁም። ባለቤቴም አንዱን ጥቅስ በሌላ ጥቅስ ለመርታት አልሞከረም። ግን ቅዳሜ ማታ ከልጃችን ጋር በቤት ቃሉን ለማንበብና ለመጸለይ ወሰንን፤ እሁድ የምትማር ከሆነ ሰንበቷ ቅዳሜ ማታ ይጀምራል። ራሱን የነቀነቁት አባትም ከጊዜ በኋላ «ቅዳሜ ማታ እኔም ልምጣ?» ብለው ጠየቁን። መጡ። አስተያየታቸውን ቀይረው ሳይሆን፣ ልጅቱን ስለሚወዱ ነው።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር የሞተበትን ቀን ያላስታወሰ ጥቁር እናት የለም። እኔ ወንድ ልጅም አለኝ። «ከዚያ በኋላ እንዴት ይህን ልብስ ትለብሻለሽ?» ብዬ ልጄን ጠየቅኋት። የመለሰችልኝን ልንገራችሁ። በዚያ ቦታ ከነበሩት አራት ፖሊሶች ሁለቱ በሥራው ላይ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። «እማ፣ የእኔ ጥያቄ ስለ ሁለቱ አዲሶች ነው። አለቃቸው ሲያጠፋ አዲስ የሆነ ሰው እንዴት ተው ይላል? እኔ መማር የምፈልገው ይህን ነው» አለችኝ።

በካሊፎርኒያ ይህ ለሰው ድፍረት ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። በ2021 በወጣ ሕግ መሠረት አንድ ፖሊስ ባልደረባው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም ካየ ጣልቃ የመግባትና ወዲያው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ገዳይ ኃይል የሚፈቀደው ሕይወትን ለመከላከል አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። ከ2023 ጀምሮ ግዛቱ ከባድ ጥፋት የሠራን ፖሊስ የሙያ ፈቃድ ሊነጥቅ ይችላል፤ ከአንድ ከተማ ተባርሮ በሌላ ከተማ መቀጠር እንደ ድሮው አይቻልም። ሕግ ብቻውን ልብን አይለውጥም፤ ይህን እናንተም እኔም እናውቃለን። ነገር ግን ልብ ያለው ሰው የሚቆምበት መሬት ይሆነዋል።

በሩን ያንኳኳው የጭነት መኪና ሾፌር

በሥልጠናው መጨረሻ አካባቢ ሠልጣኞች በልዩ ልዩ ሁኔታዎች ይፈተናሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሲጮህ፣ ሌባ ሲያዝ፣ ሁሉንም ሰዎች እየተጫወቱ ያሳዩአቸዋል። ለዚህ ፈቃደኛ ሰዎች ስለሚፈለጉ ልጄ «አንቺ ነይ» አለችኝ። የተሰጠኝ ድርሻ እንግሊዝኛ የማትችልና ልጇ የጠፋባትን እናት መሆን ነበር። ልጄ እኔ ባለሁበት ክፍል አትፈተንም፤ ስለዚህ የመጣው ያ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

በሩን አንኳኳ። ከፈትኩለትና በአማርኛ ማልቀስ ጀመርኩ። ያውም ትወና ብቻ አልነበረም፤ በራሴ ቋንቋ «ልጄን! ልጄን!» ስል ሆዴ ተላወሰ። ሰውዬው ትልቅ ነው፤ በሩን ሞልቶት ነበር። ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እጁን በሕፃን ቁመት ልክ ይዞ በዓይኑ ጠየቀኝ። ቁመቱን አሳየሁት። ከዚያ በስልክ አስተርጓሚ እንዲፈለግለት ጠየቀ። እስኪመጣ ድረስ ከእኔ ጋር እዚያው ቆመ።

ከፈተናው በኋላ መምህሩ ያረመውን አርሞ፣ ሾፌሩን ለምን ወደ ኋላ እንደሸሸ ጠየቀው። «ፈርታኝ ነበር» አለ። ወገኖቼ፣ በዚያ ቅጽበት ውስጤ የነበረውን መግለጽ ይቸግረኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ በር ላይ የቆመ ፖሊስ መፍራቴን ያወቀልኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ቀን ጎማ እየነዳ የዋለ ሰው በማታ ትምህርት ያንን አወቀ።

ወደ ቤታችን የገባው ትምህርት

የሥልጠናው ርዕሶች ከ40 በላይ ናቸው። መኪና መንዳት፣ መተኮስ፣ ካቴና ማሰር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ርዳታ፣ የአካል ጉዳተኞችን መርዳት፣ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ባህል ማክበር አለበት። ልጄን ከሁሉ ያስቸገራት ሪፖርት መጻፍ ነበር። ያየሽውን፣ ሰው የነገረሽን፣ አንቺ የገመትሽውን ለየብቻ ጻፊ ይሏታል። አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ሆና ስትጽፍ አየኋትና፣ ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ውስጥ ቢሰጥ ስንት ሐሜት በቀረ ብዬ አሰብኩ! ያየነውን፣ የሰማነውንና የገመትነውን አንድ ላይ እየቀላቀልን ስንት ቤት አፍርሰናል?

በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት የተማረችው ግን ከሁሉ የበለጠ ነክቶኛል። የመጋቢ ሚስት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማታ ስልክ የምትደውል እህት፣ በሙቀት ረጅም እጅጌ የምትለብስ እህት አለች። ብዙዎቹ ፖሊስ መጥራትን ከመደብደብ ይልቅ ይፈሩታል። ልጄ የነገረችኝን ለእነርሱ አስተላልፋለሁ። በካሊፎርኒያ ፖሊስ በጥሪው ቦታ ሆኖ በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተረኛ ዳኛን በስልክ አግኝቶ አስቸኳይ የጥበቃ ትእዛዝ ሊያወጣላት ይችላል። ትእዛዙ ለ5 የፍርድ ቤት የሥራ ቀናት ወይም ለ7 ቀናት፣ ቀድሞ እስከሚያልቀው ድረስ ይጸናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዳ የረዘመ ትእዛዝ መጠየቅ ትችላለች። በሕፃናት ላይ የሚደርስ በደልን በተመለከተም የሃይማኖት አገልጋዮች በዚያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ሕጉ የሚለየው በንስሐ ምሥጢር የተነገረውን ነው። ባለቤቴ ይህን ቀድሞም ያውቀው ነበር። አሁን ግን ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን በሙሉ በአማርኛ እንዲብራራ አድርጓል፤ ያብራራችውም ልጃችን ናት።

የሦስት ዓመት ቀጠሮ

ልጄ ትምህርቷን ጨርሳለች። በምረቃው ቀን ያ አባት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ግን ታሪኩ በዚህ አላለቀም። ያለ ቀጣሪ የሠለጠነ ሰው ሲመረቅ ፖሊስ አይደለም፤ ባጅ የለውም፣ የማሰር ሥልጣን የለውም። የምስክር ወረቀት ብቻ ነው የያዘው። ያም ወረቀት ጊዜ አለው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልተቀጠረ እንደገና ብቁነቱን የሚያረጋግጥ ኮርስ መውሰድና መፈተን አለበት።

ለመቀጠር ደግሞ አዲስ ተራራ አለ። ቃለ መጠይቅ፣ የሥነ ልቦና ምርመራ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ከዚያም የኋላ ታሪክ ማጣራት። መርማሪው የቀድሞ አሠሪዎችን፣ ጎረቤቶችን፣ ዕዳ መክፈልና አለመክፈሏን ሳይቀር ይጠይቃል። ከተቀጠረች በኋላም ቢያንስ ለ10 ሳምንታት በልምድ ካላቸው ፖሊሶች ጋር እየዞረች ትማራለች። አንድ መሥሪያ ቤት እስከ መጨረሻው ካደረሳት በኋላ ምክንያቱን ሳይነግር አልተቀበላትም። ያን ቀን ደብዳቤውን አጥፋ ወደ ሆስፒታል ሥራዋ ሄደች፤ ማታ ግን እራት አልበላችም። ከሦስቱ ዓመታት አንዱ አልፏል። አሁን ሌላ ከተማ አመልክታ እየጠበቀች ነው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ባይሳካስ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ሳይቀጠሩ የመማር ክብደቱ ይህ ነው፤ ዋስትና የለውም። በጎ ጎኑም ያው ነው። ሰውዬው ገና የማንም ሳይሆን፣ ደመወዝም ሆነ ማዕረግ ሳያስረው፣ ይህ ሥራ ለእርሱ መሆኑንና አለመሆኑን ይመረምራል። ከልጄ ክፍል በመጀመሪያው ሞጁል ላይ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብለው በሰላም የሄዱ አሉ። ሽጉጥ ታጥቀው መንገድ ላይ ከወጡ በኋላ ያንን ቢያውቁት ይሻል ነበር? አይመስለኝም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

እንዲህ ያለ ጉዳይ በቤታችሁ ቢመጣ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። አንደኛ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከ«አይሆንም» ይቅደም። ልጄ የመለሰችልኝ መልስ በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሁለተኛ፣ ኮሌጁን ሄዳችሁ እዩ፤ ግዛቱ የሚያውቀው ሥልጠና መሆኑን፣ ሙሉ ወጪውን፣ ስንት ሰንበት እንደሚወስድ ከመመዝገቡ በፊት እወቁ። ሦስተኛ፣ ሥራውን እንዳይለቅ ምከሩት። የማታው ትምህርት ጥቅሙ ይህ ነውና፣ ቢቀጠርም ባይቀጠርም እንጀራው አይቋረጥም። አራተኛ፣ ስለ ገንዘብና ስለ መንጃ ፈቃድ ቅጣት፣ ስለ ጓደኛም ጭምር ከወዲሁ በግልጽ ተነጋገሩ፤ በኋላ ሁሉም ይጠየቃል፤ እዚያ ላይ መዋሸት ከጥፋቱ በላይ ያስወጣል። አምስተኛ፣ ስለ መሣሪያ ተነጋገሩ። እስካሁን በእኛ ቤት ሽጉጥ አልገባም፤ የሠልጣኞቹ በኮሌጁ ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ከተቀጠረች ግን ይገባል። የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ከአሁኑ ወስነናል።

የመጨረሻው ደግሞ ይህ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የመጸለይ ልማድ ይኑረን። ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት እንድንጸልይ ታዘናል፤ በምሽት መንገድ ላይ የቆመውን ፖሊስ ግን ስንቶቻችን እናስባለን? እኔ በዚህ ሰሞን ጌታን የምለምነው ልጄ እንድትቀጠር ብቻ አይደለም። ያ ልብስ በተሰጣት ቀን የፈራ ሰው በር ላይ ስትቆም ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለትን እንድታውቅ፣ ባልደረባዋ ሲያጠፋ ግን ወደ ፊት እንድትራመድ ነው። ልጆቻችሁ የትኛውንም ሥራ ይምረጡ፣ ይህንኑ ጸሎት ጸልዩላቸው። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።